ከብልቃጥ እስከ ሕይወት ፊደል፤ የፕሮፌሰር ሃር ጎቢንድ ኮራና የምርምር ሥራ

በዩኒቨርሲቲ ልማድ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ በሁለት ልዩ ልዩ የትምህርት ክፍሎች ይሰጣሉ። አንዱ በብልቃጥ ውስጥ ያለውን፣ ሌላው ሕይወት ያለውን ነገር ይመረምራል ተብሎ ይታሰባል። ይህ አከፋፈል ለማስተማር የተመቸ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ተፈጥሮ ራሷ እንዲህ ያለ ድንበር የላትም። ለዚህም ከሚጠቀሱት ምስክሮች አንዱ፣ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ጀምረው በሞለኪውል ባዮሎጂ ስመ ጥር የሆኑት የፕሮፌሰር ሃር ጎቢንድ ኮራና የምርምር ታሪክ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሊቁን የሕይወት ታሪክ ሙሉ በሙሉ መዘርዘር አይደለም። ዓላማው አንድ ነገር ማስረዳት ነው፤ ይኸውም ኮራና በዘመናቸው የነበረውን ትልቅ የባዮሎጂ ጥያቄ ለመመለስ የበቁት፣ ጥያቄውን ከሌሎች አስቀድመው ስላሰቡት ሳይሆን፣ ለመልሱ የሚያስፈልገውን ነገር በእጃቸው ሊሠሩት ስለ ቻሉ ነው። ከዚህ በታች የሚገኙት ዓመታት ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ እንዲገነዘብ እንለምናለን።

ትውልድና ትምህርት

ኮራና በ1922 ራይፑር በምትባል የፑንጃብ መንደር ተወለዱ። መንደሪቱ በዚያን ጊዜ እንግሊዝ በሚገዛት ሕንድ ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ በፓኪስታን ግዛት ትገኛለች። ነዋሪዎቿ መቶ ያህል ሰዎች ሲሆኑ፣ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ቤተ ሰብ የእርሳቸው ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል። አባታቸው የመንደሩ የእርሻ ግብር ጸሐፊ ነበሩ፤ ድኻ ቢሆኑም አምስቱን ልጆቻቸውን ለማስተማር ቈርጠው የተነሡ ሰው ነበሩ። ከልጆቹም የመጨረሻው ኮራና ነበሩ።

በላሆር ከሚገኘው የፑንጃብ ዩኒቨርሲቲ በ1943 የመጀመሪያውን፣ በ1945 ሁለተኛውን ዲግሪ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የሕንድ መንግሥት በሰጣቸው የትምህርት ድጎማ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደው፣ በ1948 ከሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የዶክተርነት ማዕርግ አገኙ። ከዚያም በዙሪክ ከተማ በፕሮፌሰር ቭላዲሚር ፕሬሎግ ዘንድ አንድ ዓመት ያህል ሠሩ። በ1949 ወደ አገራቸው ቢመለሱም ለሙያቸው የሚስማማ ሥራ ስላላገኙ እንደ ገና ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። ከ1950 እስከ 1952 ድረስ በካምብሪጅ ከፕሮፌሰር አሌክሳንደር ቶድ ጋር ሠሩ። ቶድ በኑክሊዮታይድ ኬሚስትሪ ሥራቸው በ1957 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ሊቅ ናቸው። ኮራና ለፕሮቲንና ለኑክሊክ አሲድ ያላቸው ፍላጎት ሥር የሰደደው በዚህ ጊዜ ነው።

በ1952 በካናዳ ቫንኩቨር ከተማ በሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምርምር ምክር ቤት የራሳቸውን ላቦራቶሪ አቋቋሙ። የላቦራቶሪው መሣሪያ ጥቂት ነበር፤ የምርምሩን አቅጣጫ ግን እንደ ወደዱ ለመምረጥ ሙሉ ነጻነት ተሰጥቷቸው ነበር። እርሳቸውም በዚህ ነጻነት ተጠቅመው ለጊዜው ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሠሩበትን አስቸጋሪ መስክ መረጡ።

ክሩን የመሥራት ችግር

ይህ መስክ ምን እንደ ነበረ ለመረዳት የኑክሊክ አሲድን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ዲ ኤን ኤ ከኑክሊዮታይዶች የተቀጠለ ረጅም ክር ነው። እያንዳንዱ ኑክሊዮታይድ ሦስት ነገሮች አሉት፤ እነርሱም ስኳር፣ ፎስፌትና ቤዝ ናቸው። ስኳሩና ፎስፌቱ እየተፈራረቁ የክሩን አከርካሪ ይሠራሉ። ከጎን የሚንጠለጠሉት አራት ዓይነት ቤዞች ደግሞ እንደ ፊደል ሆነው መልእክቱን ይይዛሉ። በዲ ኤን ኤ ውስጥ ፊደሎቹ ኤ፣ ቲ፣ ጂ እና ሲ ናቸው፤ በአር ኤን ኤ ውስጥ በቲ ፈንታ ዩ ይገባል።

ኬሚስቱ ሁለት ኑክሊዮታይዶችን ለማያያዝ ሲፈልግ ሁለት ችግሮች ይገጥሙታል። የመጀመሪያው ፎስፌትና ስኳር በገዛ ራሳቸው የማይጋጠሙ መሆናቸው ነው፤ እንዲጋጠሙ ከመካከላቸው ውሃ መውጣት አለበት። ኮራና ለዚህ ካርቦዳይኢማይድ የተባለውን ውሁድ ተጠቀሙ። ይህ ውሁድ ውሃውን ነጥቆ ለራሱ ስለሚወስድ ፎስፌቱ ከስኳሩ ጋር እንዲያያዝ ያደርጋል። በዚሁ መንገድ እርሳቸውና የሥራ ጓደኛቸው ጆን ሞፋት ኮኤንዛይም ኤ የተባለውን ለሕዋስ እጅግ አስፈላጊ የሆነ ነገር በ1959 በኬሚስትሪ ሠሩት። የባዮኬሚስትሪ ሊቃውንት ዓይናቸውን ወደ ቫንኩቨር ያዞሩት በዚህ ሥራ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከመጀመሪያው የከፋ ነው። በአንድ ኑክሊዮታይድ ላይ ለመያያዝ የተዘጋጁ ቦታዎች ከአንድ በላይ ናቸው። ሁሉም ክፍት ሆነው ቢተዉ በየትም በየትም ይያያዛሉ፤ ውጤቱም የማይለይ ድብልቅ ይሆናል። ስለዚህ እንዲያያዝ የማይፈለገውን ቦታ ሁሉ በመሸፈኛ መዝጋት፣ የሚፈለገውን ብቻ ክፍት መተው፣ ካያያዙም በኋላ ለቀጣዩ ርምጃ አንዱን መሸፈኛ ብቻ ማንሣት ያስፈልጋል። መሸፈኛው ሥራው እስኪያልቅ የሚጸና፣ ሲፈለግ ግን ክሩን ሳይጎዳ የሚነሣ መሆን አለበት። የኮራና ላቦራቶሪ ለቤዞቹ አንድ ዓይነት፣ ለስኳሩ ሌላ ዓይነት መሸፈኛ አዘጋጀ። ለስኳሩ የተመረጠው የትራይቲል ወገን ሲሆን በቀላል አሲድ ይነሣል፤ የቤዞቹ መሸፈኛ ግን በአሲዱ አይነካም።

የድካሙን መጠን በአንድ ቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። እያንዳንዱ የማያያዝ ርምጃ ከመቶ 80 እጅ ተሳካ እንበል። ለአንድ ርምጃ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ከ10 ርምጃ በኋላ ግን የሚተርፈው ከመቶ 11 እጅ ያህል፣ ከ20 ርምጃ በኋላ ደግሞ ከመቶ 1 እጅ ያህል ብቻ ነው። በየርምጃው መካከልም የተሳካውን ካልተሳካው ለይቶ ማጥራት አለ። ይህን ስሌት በልቡናችን እንያዝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የኮዱ ጥያቄ

በ1960 ኮራና በአሜሪካ ወደሚገኘው ወደ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የኢንዛይም ምርምር ኢንስቲትዩት ተዛወሩ። በዚያን ጊዜ በባዮሎጂ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥያቄ ይንቀሳቀስ ነበር። ፕሮቲን የሚሠራው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ነው፤ የኑክሊክ አሲድ ፊደላት ግን 4 ብቻ ናቸው። እነዚህ አራት ፊደላት ሃያውን እንዴት ይሰይማሉ? አንድ ፊደል ለአንድ አሚኖ አሲድ ቢሆን የሚሰየሙት 4 ብቻ ይሆናሉ። ሁለት ሁለት ቢሆኑ 16 ይሆናሉ፤ ይህም አይበቃም። ሦስት ሦስት ቢሆኑ ግን 64 ቃላት ስለሚገኙ ይበቃል፣ ይተርፋልም።

በ1961 ማርሻል ኒረንበርግና ሃይንሪክ ማቴይ የመጀመሪያውን ቃል ፈቱ። ከባክቴሪያ ሕዋስ በወጣ ፈሳሽ ውስጥ ከዩ ብቻ የተሠራ አር ኤን ኤ ጨምረው፣ ፌኒልአላኒን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ብቻ የተሠራ ፕሮቲን አገኙ። ስለዚህ ዩ ዩ ዩ ማለት ፌኒልአላኒን ማለት ሆነ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ፊደላትን ደባልቀው እንደ ዕጣ የተደረደሩ ክሮችን ሞከሩ። ነገር ግን ድብልቁ በአንድ ቃል ውስጥ የትኞቹ ፊደላት እንዳሉ ይናገራል እንጂ፣ የትኛው እንደሚቀድም አይናገርም። ሁለት ዩ እና አንድ ሲ ያሉት ቃል ዩ ዩ ሲ ነው፣ ዩ ሲ ዩ ነው ወይስ ሲ ዩ ዩ ነው? ይህን ለመወሰን ፊደሉ በትእዛዝ የተደረደረ ክር ያስፈልግ ነበር። እንዲህ ያለውን ክር ለመሥራት ደግሞ አስቀድሞ የተዘጋጀው የኮራና ላቦራቶሪ ነበር።

ረጅም አር ኤን ኤን በኬሚስትሪ ብቻ መሥራት ከላይ ባየነው ስሌት ምክንያት የሚቻል አልነበረም። ኮራና ግን ሥራውን ለሁለት ከፈሉት። ፊደሉ እየተደጋገመ የሚሄድ አጭር የዲ ኤን ኤ ክር በኬሚስትሪ ሠሩ። ከዚያም አርተር ኮርንበርግ ያገኙት ዲ ኤን ኤን የሚገለብጥ ኢንዛይም አጭሩን ክር እየገለበጠ እንዲያስረዝመው አደረጉ። በመጨረሻም ሌላ ኢንዛይም ከረጅሙ ዲ ኤን ኤ አር ኤን ኤን ቀዳ። የፊደሉን ቅደም ተከተል ኬሚስቱ ወሰነ፤ ርዝመቱን ኢንዛይሙ ሰጠ።

ውጤቱን ለመረዳት ከገዛ ቋንቋችን ምሳሌ እንውሰድ። በብራና መጻሕፍታችን ቃልን ከቃል የሚለየው ሁለት ነጥብ ነው። የሕይወት ጽሑፍ ግን ሁለት ነጥብ የለውም፤ ስለዚህ ንባቡ በመነሻው ይወሰናል። «ለበሰለበሰለበሰ» የሚል ጽሑፍ ያለ ሁለት ነጥብ ብናገኝ፣ ከመጀመሪያው ፊደል ተነሥተን ሦስት ሦስቱን ስናነብ «ለበሰ» ይላል። አንድ ፊደል ዘለን ብንነሣ «በሰለ» ይላል። ሁለት ዘለን ብንነሣ «ሰለበ» ይላል። ጽሑፉ አንድ ሲሆን ቃሉ ሦስት ነው።

ኮራናና ተማሪዎቻቸው ያዩት ይህንኑ ነው። ኤ ኤ ሲ እየተባለ የሚደጋገም አር ኤን ኤ ሲሰጥ፣ በብልቃጡ ውስጥ ንባቡ ከየትኛውም ፊደል ሊጀመር ስለሚችል ሦስት ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ተገኙ። አንዱ ከአስፓራጂን ብቻ፣ አንዱ ከግሉታሚን ብቻ፣ አንዱም ከትሪዮኒን ብቻ የተሠራ ነበር። ሊነበቡ የሚችሉት ቃላትም ኤ ኤ ሲ፣ ኤ ሲ ኤ እና ሲ ኤ ኤ ናቸው። በሌላ በኩል ኤ ሲ ብቻ የሚደጋገምበት ክር ትሪዮኒንና ሂስቲዲን እየተፈራረቁ የገቡበት አንድ ፕሮቲን ሰጠ። ፊደላቱ ሁለት ሁለት ሆነው የሚነበቡ ቢሆን ኖሮ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ በተደጋገመ ነበር፤ ሦስት ሦስት ሲነበቡ ግን ኤ ሲ ኤ እና ሲ ኤ ሲ መፈራረቅ አለባቸው።

አሁን ሁለቱን ውጤቶች እናስተያይ። በሁለቱም ክሮች ውስጥ የሚገኘው ቃል ኤ ሲ ኤ ብቻ ነው። በሁለቱም ፕሮቲኖች ውስጥ የሚገኘው አሚኖ አሲድም ትሪዮኒን ብቻ ነው። እንግዲህ ኤ ሲ ኤ ትሪዮኒንን ይሰይማል፤ የቀረው ሲ ኤ ሲ ደግሞ ሂስቲዲንን ይሰይማል። ለዚህ መደምደሚያ ግምት አላስፈለገም፤ አንድ ተማሪ በወረቀትና በእርሳስ ሊደርስበት ይችላል። ያስፈለገው ክሮቹ መኖራቸው ነበር።

ከዚህ ጋር ላቦራቶሪው 64ቱንም ባለ ሦስት ፊደል ቃላት በኬሚስትሪ ሠርቶ አቀረበ፤ ኒረንበርግና ፊሊፕ ሌደር በ1964 ባወጡት ዘዴ እያንዳንዱ ቃል የትኛውን አሚኖ አሲድ እንደሚጠራ ለመመርመር አስቻለ። አራት ፊደል የሚደጋገምባቸው ክሮችም ተሠሩ። ከእነርሱ መካከል ዩ ኤ ኤ ወይም ዩ ኤ ጂ የሚገኝባቸው ረጅም ፕሮቲን ሊሰጡ አልቻሉም፤ በዚህም እነዚህ ቃላት እንደ አራት ነጥብ የዓረፍተ ነገሩን ፍጻሜ የሚያመለክቱ መሆናቸው ተረጋገጠ። በ1966 ኮዱ ተፈትቶ አለቀ፤ 61 ቃላት አሚኖ አሲድን ይሰይማሉ፣ 3 ቃላት ንባብን ያቆማሉ። በ1968 ኮራና፣ ኒረንበርግና ሮበርት ሆሊ የኖቤልን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ልብ ማለት የሚገባው ግን ሽልማቱ የኬሚስትሪ ሳይሆን የፊዚዮሎጂና የሕክምና መሆኑ ነው።

ጂንን መሥራት

ብዙ ሰው ከእንዲህ ያለ ሽልማት በኋላ በዚያው መስክ ይቀመጣል። ኮራና ግን ከሽልማቱም በፊት ሌላ ጥያቄ ጀምረው ነበር፤ ሙሉ ጂን ከኬሚካል ሊሠራ ይችላልን? ሮበርት ሆሊ በ1965 አላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚሸከመውን የእርሾ አር ኤን ኤ ፊደል በፊደል አንብበው 77 ፊደላት እንዳሉት አሳይተው ነበር። ከአር ኤን ኤው ተነሥቶ የጂኑን ፊደላት ማወቅ ይቻላል። እንግዲህ የሚሠራው ነገር ታውቋል፤ የቀረው መሥራቱ ነው።

ወደ ስሌታችን እንመለስ። 77 ፊደላት አንድ በአንድ ቢቀጣጠሉ 76 ርምጃ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ከመቶ 80 እጅ ቢሳካ በመጨረሻ የሚተርፈው ከመቶ ሚሊዮን እጅ አራት ያህል ብቻ ነው። ይህ እንዳልተሠራ ይቈጠራል። መፍትሔው ከ5 እስከ 20 ፊደል ያላቸውን 15 አጫጭር ክሮች ለየብቻ መሥራት ሆነ። ክሮቹ ጫፍና ጫፋቸው እየተደራረበ እንዲጣመር ታስበው የተሠሩ ነበሩ። ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ ጋር ስለሚጣመር ክሮቹ በገዛ ራሳቸው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ፤ በመካከላቸው የቀረውን ክፍተት ላይጌዝ የሚባለው ኢንዛይም ይሰፋዋል። በዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ጂን በ1970 ተፈጸመ።

ነገር ግን ይህ ጂን አንድ ጉድለት ነበረበት። ንባብ ከየት እንደሚጀመርና የት እንደሚቆም የሚያመለክቱት ክፍሎች ስላልነበሩት፣ በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ ሥራውን ሊሠራ አይችልም ነበር። ኮራና በዚያው በ1970 ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተዛውረው የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ሆኑ፤ የማዕርጉ ስም ራሱ የሥራቸው ማጠቃለያ ነው ለማለት ይቻላል። በዚያም ስድስት ዓመት ደክመው፣ ከመነሻውና ከመድረሻው ምልክት ጋር በጠቅላላው 207 ጥንድ ፊደላት ያሉትን የሌላ ባክቴሪያ ጂን ሠሩ።

የዚህ ጂን ሥራ ዩ ኤ ጂ በሚለው የማቆሚያ ቃል ላይ አሚኖ አሲድ አስገብቶ ንባቡ እንዲቀጥል ማድረግ ነው። ስለዚህ ፈተናው ቀላልና የማያሻማ ሆነ። በአስፈላጊ ፕሮቲኑ መካከል ይህ የማቆሚያ ቃል በስሕተት የገባበት ቫይረስ በባክቴሪያ ውስጥ ሊራባ አይችልም፤ ሰው ሠራሹ ጂን ሲገባ ግን ቫይረሱ ተራባ። በ1976 ይህ ውጤት ሲገለጽ፣ በብልቃጥ የተሠራ ጂን በሕይወት ባለ ሕዋስ ውስጥ እንደ ተፈጥሮ ጂን መሥራቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ።

ከፊደል ወደ ብርሃን

ከዚህ በኋላ ኮራና እንደ ገና መስክ ለወጡ። በጨዋማ ውሃ የሚኖር አንድ ረቂቅ ፍጥረት በሽፋኑ ላይ ባክቴሪዮሮዶፕሲን የሚባል ፕሮቲን አለው። ይህ ፕሮቲን ብርሃን ሲያርፍበት ፕሮቶንን ከሕዋሱ ውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። ብርሃኑን የሚቀበለው ግን ፕሮቲኑ ራሱ አይደለም፤ ሬቲናል የተባለ የቪታሚን ኤ ዘመድ የሆነ ትንሽ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ነው። በዓይናችን ውስጥ የሚገኘው ሮዶፕሲንም ይህንኑ ሬቲናል ይዞ ይሠራል።

የኮራና ቡድን በ1979 የባክቴሪዮሮዶፕሲንን 248 አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል አሳወቀ። ቀጥሎም የፕሮቲኑን ጂን በኬሚስትሪ ሠርተው፣ እንደ ወደዱ አንዱን አሚኖ አሲድ በሌላ እየተኩ ለመፈተን ቻሉ። በ85ኛውና በ96ኛው ቦታ ያሉት አስፓርቲክ አሲዶች ሲለወጡ ፕሮቶን የማስተላለፉ ሥራ እጅግ ይዳከማል ወይም ይቋረጣል፤ ስለዚህ የፕሮቶኑ መንገድ በእነዚህ በኩል እንደሚያልፍ ታወቀ። እዚህ ላይ የጥንቱ የቫንኩቨር ዘዴ በአዲስ መልክ ተመልሶ ይታያል፤ ተመራማሪው የሚጠይቀውን ነገር ራሱ ይሠራል፣ አንዲት ክፍል ይለውጣል፣ ምን እንደሚሆንም ያያል።

የድካሙ ዋጋ

አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ሊከራከር ይችላል። ኮራናና ብዙ ረዳቶቻቸው ለዓመታት የደከሙበትን የክር ሥራ ዛሬ መሣሪያ በጥቂት ሰዓታት ይሠራዋል፤ እንግዲህ ያ ሁሉ ድካም ከንቱ አይደለምን? ይህ ክርክር መልስ ይገባዋል።

መልሱም መሣሪያው ራሱ ከዚያ ድካም የተወለደ መሆኑ ነው። ዛሬ በሥራ ላይ ያለውን የዲ ኤን ኤ መሥሪያ ኬሚስትሪ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያስገኙት ማርቪን ካሩዘርስ ቀድሞ በኮራና ላቦራቶሪ የሠሩ ናቸው፤ የስኳሩ መሸፈኛም ዛሬ ድረስ ያው የትራይቲል ወገን ነው። እንደዚሁም የኮራና ረዳት ኬል ክሌፔና ጓደኞቻቸው በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በሁለት አጫጭር ክሮች መነሻነት አንድን ዲ ኤን ኤ በኢንዛይም እየገለበጡ ማባዛት እንደሚቻል አሳስበው ነበር። ኬሪ ሙሊስ ከ1983 ጀምረው ይህን የመሰለውን አሳብ ወደ ፍሬ አድርሰው ፒ ሲ አር የተባለውን ዘዴ አወጡ፤ በ1993ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። በ2020 የኮሮና በሽታ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ በየአገሩ በሽተኛው የተለየው በዚህ ዘዴ ነው። ለምርመራው የሚያስፈልጉት አጫጭር ክሮችም በኬሚስትሪ የተሠሩ ናቸው።

ፕሮፌሰር ኮራና በ2007 ከማስተማር ሥራ ተሰናብተው፣ በ2011 ኅዳር ወር በ89 ዓመታቸው በማሳቹሴትስ አረፉ።

ከዚህ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረው ትምህርት፣ ሁሉን በጥቂቱ ማወቅ ይበቃል የሚል አይደለም። ኮራና አስቀድመው አንድ ሙያ እስከ ጥልቁ ተማሩ፤ ከዚያም ሙያቸው የሚያስፈልግበትን ጥያቄ ተከትለው ከክፍል ወደ ክፍል፣ ከአገር ወደ አገር ሄዱ። ድንበር የተሻገሩት የሚሻገር ነገር ይዘው ነው። በዚህ ኮሌጅ የባዮሎጂ ተማሪ የሆነ ሰው የኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ትምህርት እንደ ግዴታ ብቻ አይቶ ሊያልፈው አይገባም፤ የነገ ጥያቄውን የሚመልስበት መሣሪያ ምናልባት በዚያ ይሆናል። የኬሚስትሪ ተማሪም አንድ አዲስ ውሁድ ሠርቶ ንጹሕ መሆኑን ባረጋገጠ ጊዜ፣ በዚህ ነገር ምን ሊጠየቅ ይችላል ብሎ የጎረቤቱን ክፍል በር ማንኳኳት ይገባዋል።